ጎረቤቴ በድምፅ የሠራው ቤት

«ግራ ትለኛለህ? የቱ ግራ? ቧንቧው ጭንቅላቴ መሀል ነው እኮ የሚንጠባጠበው! አንተ ልጅ፣ የጠፋው ዐይኔ ነው፤ ጆሮዬ ጠፋ አልኩህ?»

እኚህ የጎረቤቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ እሱም እኔም «እትዬ» ነው የምንላቸው። ሲቆጡ ድምፃቸው በጉሮሮ ሳይሆን በአፍንጫ ነው የሚወጣው፤ ቃሉን ደግሞ ምስር እንደሚለቅም ሰው አንድ በአንድ አይተው ነው የሚጥሉት። እኔ እሳቸውን ማስመሰል እችልበታለሁ። አንድ ቀን ስፌት ሱቄ ውስጥ ሆኜ «አንተ ልጅ!» ብል ወንድምየው ከጋራ ግድግዳችን ወዲያ «አቤት እትዬ!» ብሎ ተነስቶ በሩን ከፍቷል።

«የግራውን ቀስት ተጫኚ እስቲ» ይላል እሱ፣ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ ኮምፒውተሩን ጭናቸው ላይ እያስተካከለ።

«ተጫንኩ። ቧንቧውም አብሮኝ ዞረ።»

«የቀኙንስ?»

«የቀኙንም ተጫንኩ። አሁንም አናቴ ላይ ነው። ቤትህ ጣሪያው ነው እንዴ የሚያፈሰው?»

እኔ የሰፋሁላቸውን ቀሚስ ላደርስ እሳቸው ቤት መጥቼ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ቀሚሱን ሰጥቶ መሄድ ነበር ወጉ። ግን እንዲህ ያለ ጠብ እያየ ትቶ የሚሄድ ሰው ካለ እሱ ጤና የለውም። ቀሚሱን ክንዴ ላይ እንደያዝኩ ቀስ ብዬ ወንበር ሳብኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እትዬን ስኳር ዐይናቸውን ከወሰደባቸው ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። በዚያ አሮጌ ቤታቸው ውስጥ ግን አያዩም ብሎ የሚገምት የለም፤ ምድጃው የት እንዳለ፣ ደረጃው ስንት እንደሆነ፣ የትኛው ወንበር እግሩ እንደሚነቃነቅ ልቅም አድርገው ያውቁታል። አሁን ቤቱ ሊፈርስ ነው። ልጃቸው ሌላ ከተማ ከባሏና ከሦስት ልጆቿ ጋር ትኖራለች፤ «እማዬ፣ እኔ ጋ ነይ» ትላለች። ወንድምየው ደግሞ «እትዬ፣ እኔ ጋ ነይ» ይላል። ልጅቱ በመጪው ቅዳሜ መኪና ይዛ ትመጣለች፤ እስከዚያ ከሁለት አንዱን መቁረጥ አለባቸው።

ለሱ የሰጡት መልስ ይሄ ነበር፤ በአፍንጫ አድርጋችሁ አንብቡት፦ «የልጄን ቤት ዐይኔ እያለ አይቼዋለሁ። ያንተን መች አየሁት? ሁሌ አንተ እኔ ጋ ትመጣለህ እንጂ መች ጠርተኸኝ! በማላውቀው ቤት እንደ ሌባ ግድግዳ እየዳበስኩ ልኖር? ሞቼ ነው!»

ሌላ ሰው ቢሆን ያኮርፍ ነበር። እሱ ፕሮግራም ጻፈ።

ይሄን ሰውዬ ሰፈሩ «ማዳመጫው» ነው የሚለው፤ ያ ትልቅ ጥቁር ማዳመጫ አንገቱ ላይ ሳይኖር ያየው የለማ። አርባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ረጅም፣ ጎበጥ ያለ፣ ሸሚዙ ሁሌ የተተኮሰ፣ ሦስተኛው ቁልፍ ሁሌ የላላ። ከሰፊ ጋር ግድግዳ እየተጋራ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን «ይቺን ቁልፍ አጥብቂልኝ» አላለኝም። አላገባም። አንዲት ነበረች ይባላል። የሰፈራችን ባለ ኪዮስኳ እንደምትለው «እሷ ታወራለች፣ እሱ ያስባል፤ መልሱን ሲያገኘው እሷ አግብታ ወልዳለች።» ባለ ኪዮስኳ ሳትዋሽ አትውልም፤ ይሄን ግን እኔም አምኜላታለሁ።

ሥራው ምን መሰላችሁ? ክሊኒክና ባንክ ስትሄዱ ተራ የሚጠራ መሣሪያ አለ አይደል? «ቁጥር። አርባ። ሁለት። መስኮት። ሦስት።» የሱን ፕሮግራም ነው የሚጽፈው። እሱም ውሎ አድሮ እንደ መሣሪያው ሆኖ ቀርቷል፦ «ጤና። ይስጥልኝ። መብራት። ሄዷል?» ደንበኛ ቁጭ ብሎ ሲጠብቀኝ እንዳይሰለች ይቺን አስመስልለታለሁ። ሱሪ ሊያስጠብቡ መጥተው ሆዳቸውን ይዘው የወጡ ብዙ ናቸው።

ወደ ፕሮግራሙ ልመለስ። የጻፈው ፓይተን በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ ነው። ድምፅ የሚያጫውተውን ክፍል ግን ራሱ አልሠራውም፤ ሌሎች ሰዎች ሠርተው ማንም እንዲጠቀምበት ያስቀመጡት አለ፣ ላይብረሪ ይሉታል። ለእያንዳንዱ ድምፅ ሦስት ቁጥር ትሰጠዋለህ፤ አንዱ ለቀኝና ግራ፣ አንዱ ለላይና ታች፣ አንዱ ለፊትና ኋላ። ለሰሚውም ቦታ ትሰጠዋለህ። ከዚያ ሰሚው ማዳመጫ አድርጎ በቀስቶቹ ሲራመድ ቧንቧው በግራ ይቀርባል፣ ሲያልፈው ከኋላ ይቀራል። እትዬ ወንበራቸው ላይ ቁጭ ብለው የወንድማቸውን ቤት በጆሮ ይዞሩታል ማለት ነው። ከዞሩት ያውቁታል፤ ካወቁት ይመጣሉ። ሰውዬው ያሰበው እንዲህ ነው።

ሁለት ሳምንት ስልኩን ይዞ ቤቱን ሲቀዳ ከረመ። የኩሽናውን ቧንቧ። ማቀዝቀዣውን። የግድግዳ ሰዓቱን። የመታጠቢያ ቤቱን በር፣ ሲከፈት እንደ ድመት የሚጮኸውን። የመንገዱን መስኮት፤ ከፊት ለፊት ጋራዥ ስላለ ቀኑን ሙሉ ብረት ይቀጠቀጣል። ስድስተኛው የኔ ስፌት መኪና ነው፤ ግድግዳውን አልፎ መኝታ ቤቱ ድረስ ይገባል። አንድ ቀን ሱቄ በር ላይ ቆመና፦

«ጎረቤት። ያንቺ ቤት ስንት ድምፅ አለው?» አለኝ።

«ቆጥሬ ልዘልቀው? እናቴ ብቻዋን አሥራ አምስት ናት።»

«የኔ ስድስት ነው» አለ። ትንሽ አሰበና፣ «አንዱ ደግሞ ያንቺ ነው።»

ሄደ። ሳቄ መሀል ላይ ቀረ።

ስልክ የቀዳው ድምፅ ደግሞ ሹሹሹ ይላል። ለእህቱ ሹሹ የሚል ቤት ሊያሰማ አልፈለገም። ስለዚህ ቅጂውን መንገዱ ማዕዘን ላይ ላለው የቪዲዮ ባለሙያ ወስዶ ሰጠው፤ ሰርግና ልደት የሚቀርጸው። ያ ሰውዬ ደረቱን ነፍቶ ነው የሚያወራው፦ «ወንድሜ! ከኔ ሱቅ ጥሬ ድምፅ አይወጣም! አጥቤ፣ ተኩሼ፣ ሰው ሰው የሚል ነገር ሁሉ አጽድቼ ነው የምሰጥህ!» አጥቦ ተኩሶ ሰጠው። እንግዲህ እሱን ይዞ ሄዶ ነው እኔ ቀሚሱን ይዤ በደረስኩበት በዚያ ቅዳሜ ቧንቧው እትዬ አናት ላይ ያፈሰሰው።

እትዬ ማዳመጫውን አውልቀው እጁ ላይ አስቀመጡለት። «ለልጄ ልደውልላት» አሉ።

«አንድ ሳምንት» አለ እሱ። «አንድ ሳምንት ስጪኝ፣ እትዬ። እባክሽ።»

«እባክሽ» ሲል ሰምቼው አላውቅም ነበር። ቀሚሱን አልጋው ላይ አድርጌ ወጣሁ።

ሰኞ ከሥራ ሲወጣ ቀጥ ብሎ ሱቄ መጣ፤ የኔን ጆሮ ፈልጎ። «የኔ ጆሮ ያዳላል» አለኝ። «ቧንቧው የት እንዳለ ስለሚያውቅ እዚያ የሰማው ይመስለዋል።» ማዳመጫውን ጫነብኝ።

«ከየት ነው?»

«ከመሀል አናቴ።»

«አሁንስ?»

«ከዚያው ከአናቴ።»

መጀመሪያ ማዳመጫውን ጠረጠረ፤ ቀኙንም ግራውንም ለየብቻ ሞከረ፣ ምንም አልሆነም። ማክሰኞ ቁጥሮቹን ጠረጠረ። ቧንቧውን ከሁለት ሜትር ወደ ሁለት መቶ ሜትር ወሰደው። «ኧረ በፈጠረህ» አልኩት፣ «ቧንቧውን ጎረቤት አገር አደረስከው፤ ውሃው ግን እዚሁ እኔ ላይ ነው!» ረቡዕ ደግሞ ሰሚው ፊቱን ወዴት እንዳዞረ ጠረጠረ። አዞረው፣ መለሰው፣ ገለበጠው። ወይ ፍንክች። ማቀዝቀዣው፣ ሰዓቱ፣ ጋራዡ፣ ሁሉም ጭንቅላቴ ውስጥ ተሰብስበው ተቀምጠዋል። ያ መሣሪያ ደግሞ አንድም ጊዜ «ተሳስተሃል» አይለውም። ሌላ ጊዜ ሲሳሳት በቀይ ይጮህበታል አሉ። አሁን ዝም ብሎ ያጫውታል፣ ምንም እንዳልተፈጠረ።

ረቡዕ ማምሻውን ሰውዬው ሆድ ባሰው። አግዳሚው ላይ ቁጭ አለና ምንም ቅጂ የሌለበት፣ ራሱ ፕሮግራሙ የሚያወጣው ድምፅ ሠራ፤ «ቲ... ቲ... ቲ...» የሚል። ማዳመጫውን ሰጠኝ።

«እንዴ!» ብዬ ዘለልኩ። «በግራዬ ሄደ! አሁን ከኋላዬ! ያዘው፣ ያዘው፣ በቀኝ መጣ!» ዝንብ እንደምታባርር ሴት እየዞርኩ መለኪያ ሜትሬን ረገጥኩ።

እሱ አልሳቀም። «ስለዚህ ላይብረሪው ደህና ነው» አለ። «ቁጥሮቹም ደህና ናቸው። ችግሩ ድምፆቹ ናቸው።»

«ድምፆቹን ማን ነካቸው?»

ሁለታችንም ማዕዘኑን አየን።

የቪዲዮ ሰውዬው ጋ አብሬው ሄድኩ፤ ይሄ እንዲያመልጠኝ ነው? ሰውዬው ደረቱን ነፋ፦ «ምን አደረግኩ? ስቴሪዮ አደረግኩልህ እንጂ! በስልክ ስትቀዳው አንድ መስመር ብቻ ነበር፣ ደሃ ድምፅ። ሁለት መስመር አደረግኩት፣ ግራና ቀኝ! ማስተጋቢያም ጨመርኩበት። የሕፃን ልጅ ለቅሶ እንኳ እኔ ጋ ሲመጣ አዳራሽ ውስጥ ነው የሚያለቅሰው!»

ጎረቤቴ እዚያው ቆሞ ስልኩን አወጣና የላይብረሪውን መመሪያ ገለጠ። ጣቱ አንድ ዐረፍተ ነገር ላይ ቆመች። እንደ መሣሪያው አነበበልኝ፦ ድምፁ። ባለ ሁለት መስመር። ከሆነ። ቦታ። አይሰጠውም። ግራና ቀኙ አስቀድሞ ተከፍሎለታልና ፕሮግራሙ አይነካውም፤ እንዳለ ያጫውተዋል። ቦታ የሚሰጠው አንድ መስመር ላለው ብቻ ነው። «ቲ ቲ» ባለ አንድ መስመር ስለነበረች ዞረች፤ የታጠበው ቧንቧ ባለ ሁለት ስለሆነ ተገተረ።

«ጽፈውታል» አለ። «አላነበብኩትም።»

ሁለቱን መስመር መልሶ አንድ ማድረግ ይችል ነበር፤ ማስተጋቢያው ግን ከውስጡ አይወጣም፤ ያቺ ሁለት እርምጃ የማትሞላ ኩሽና አዳራሽ እንደሆነች ልትቀር ነው። ስለዚህ ወደ ጥሬው ተመለሰ። ስልኩ ውስጥ የቀሩትን፣ ሹሹ የሚሉትን ቅጂዎች እንዳሉ ወስዶ አስገባቸው። ሐሙስ ማታ አሰማኝ፤ ቧንቧው በግራ፣ ማቀዝቀዣው በቀኝ፣ ጋራዡ ከፊት። አጨበጨብኩ። እሱም ፈገግ አለ፤ ጥርሱን ያየሁት ያን ቀን ነው። እኔ የዞርኩት ግን ኩሽናውንና ሳሎኑን ብቻ ነው፤ ለመኝታ ቤቱ ትዕግሥት አልነበረኝም፣ የሰው ሱሪ እየጠበቀኝ ነበር። ቧንቧው ስር ደግሞ አንድ የሚያጉተመትም ነገር ነበር፤ ሹሹታው መስሎኝ አለፍኩት።

ዓርብ ከሥራ ፈቃድ ጠይቆ እትዬ ጋ ሄደ። እኔም የቀሚሱን ጠርዝ ላሳጥር ነው ብዬ ተከተልኩት። ማንም ጠርዙ ረዘመ አላለም።

እትዬ ማዳመጫውን አደረጉ። ቀስቱን አንድ ጊዜ ተጫኑ። ቆሙ። እንደገና ተጫኑ።

«ውይ» አሉ። «ቧንቧው ወረደ። እዚህ ጋ ነው፣ በግራዬ።» ባዶ አየር ላይ እጃቸውን ዘርግተው ሊዘጉት ሞከሩ። «ማቀዝቀዣው ይሄው። ሳሎን ገባሁ። ሰዓቱ ከፊቴ፣ ከፍ ብሎ። ቆይ፣ ቆይ አትምራኝ! በሩን ራሴ አገኘዋለሁ!»

እሱ አፉን በእጁ ይዞ ቆሟል። እኔን ከጠየቃችሁ፣ ያን ሰዓት ሰውዬው አልጋውን የት እንደሚያዞርላቸው እያሰበ ነበር።

እትዬ መኝታ ቤቱ ገቡ። የስፌት መኪናዬን በቀኝ አገኙት። ከዚያ ጣታቸው ቀስቱ ላይ ቀረ።

«አንተ ልጅ» አሉ። «መኝታ ቤትህ ውስጥ አንተን የምትመስል ሴት አለች።»

ቶሎ ብዬ የቀሚሱን ጠርዝ አነሳሁ።

«"ጤና። ይስጥልኝ። መብራት። ሄዷል?" ትላለች» አሉ እትዬ። አስቡት፤ እሳቸው እኔን፣ እኔ እሱን! «ሰው ደግሞ ይስቃል። ማናት ይቺ የምታላግጥብህ?»

«ጎረቤት ናት» አለ። ወደኔ አላየም። «ሁልጊዜ ነው። ከመኪናው ድምፅ ጋር አብሮ ነው የሚመጣው፤ ልለየው አላሰብኩም።»

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ግድግዳው ለወዲህ ብቻ የሚያሰማ መስሎኝ ነበር። የሱን ኩርሲ፣ የሱን ነጠላ ጫማ፣ የሱን ሳል እየሰማሁ ወሬ ስሠራበት፣ እሱም ወዲያ ሆኖ እኔን ይሰማኝ ነበር።

«እና ዝም ትላለህ?» አሉ እትዬ።

«ደስ ይለኛል።»

«ሲላገጥብህ?»

«ቤት ከገባሁ በኋላ ድምፄን የምሰማው እሷ ጋ ነው፣ እትዬ» አለ።

እኔ ያን ቀን ክር ከቀሚሱ ላይ ስለቅም ቆየሁ፤ ክር አልነበረበትም።

እትዬ ቀስቱን እየተጫኑ ወደ ኩሽናው ተመለሱ። ቧንቧው ጋ ቆሙ። «እዚህ ደግሞ አንተ ነህ» አሉ። «"እሺ፣ መጣሁ፣ መጣሁ" ትላለህ። ማን ጠርቶህ ነው?»

«ማንቆርቆሪያው ፈልቶ ነው።»

ማዳመጫውን አወለቁ። ሽቦውን ቀስ ብለው ጠቀለሉት፤ ጠቅልለው ሲጨርሱ እንደገና ፈትተው ጠቀለሉት።

«ቤትህን አወቅሁት» አሉ። «ነገ ብገባ አንድ ዕቃ ሳልነካ ውሃ ቀድቼ እጠጣለሁ። ጎበዝ ነህ።»

«ትመጫለሽ ማለት ነው።»

«አልመጣም።»

ይሄን ሲሉ ድምፃቸው በአፍንጫ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ሞከርኩት፤ ይቺን ድምፅ ማስመሰል አልቻልኩም።

«ጠዋት ትወጣለህ፣ ሲመሽ ትገባለህ» አሉ። «እኔ ቀኑን ሙሉ ከሰዓትና ከማቀዝቀዣ ጋር ምን ላወራ ነው? አንተ ለምደኸው ነው፤ እኔ አልለምደውም፣ የኔ ዓለም። የልጄ ቤት ጩኸት ነው። አንዱ ያለቅሳል፣ አንዱ ይሮጣል፣ እሷ ትቆጣለች። ማን የት እንዳለ ሳልጠይቅ ይሰማኛል። ቤቱን ስለማላውቀው እንዳይመስልህ የምቀረው። ስላወቅሁት ነው።»

ከዚያ፣ «አንተ ና ከኔ ጋር» አሉት።

«ሥራ አለኝ እኮ፣ እትዬ።»

«አውቃለሁ።»

ሁለቱም ያውቃሉ። እኔም አውቃለሁ። ጠርዙን ሳላሳጥር ቀሚሱን እዚያው ትቼ ተመለስኩ፤ መንገድ ላይ አጠገቤ ሲሄድ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ ነበር፤ ሽቦው ግን የትም አልተሰካም።

ቅዳሜ ልጅቱ መጣች። ሻንጣ ተጫነ። እትዬ ከፊት ተቀመጡ፤ የመኪናውን በር፣ መስኮቱን፣ ቀበቶውን በእጃቸው ለዩ። እሱ ቀበቶውን አሰረላቸው። «ስደርስ እደውላለሁ» አሉ። «እሺ» አለ። መኪናው ሄደ። እሱ አላለቀሰም። መንገዱ መሀል ላይ ቆሞ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ የሞተሩ ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ ሰማ። ከጠፋ በኋላም ትንሽ ሰማ።

ከዚያ ወዲያ አንድ ሳምንት ማንንም አላስመሰልኩም። ደንበኛው ሁሉ «ምነው፣ አሞሻል?» አለኝ። ባለ ኪዮስኳ «ከማዳመጫው ጋር ተጣላችሁ አሉ» ብላ ወሬ ጀምራለች። መኪናዬን እንኳ ቀስ አድርጌ ነበር የምረግጠው። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ግድግዳው ተንኳኳ፤ ሦስት ጊዜ።

«ጎረቤት። ምነው። ዝም አልሽ?»

ጉሮሮዬን አጸዳሁ። ምን ልበለው? ወጣልኝ፦ «ቁጥር። አርባ። ሁለት። ወደ። ስፌት። ቤት።»

አበላሸሁት አልኩ። ከዚያ ኩርሲው ተንቀሳቀሰ፣ ነጠላ ጫማው ተጎተተ፣ በሩ ተከፈተ።

አሁን ደንበኛ የሚቀመጥበት አግዳሚ ላይ ቁጭ ብሏል። «ሥራ እንዳትፈታ ሂድ» ልለው አስቤ ተውኩት። እኔም ይሄን በልኬት ደብተሬ ጀርባ እየጻፍኩ ነው። አንገቱን አስግጎ አየ።

«ስለኔ ነው?»

«ስለ ድምፅ ነው።»

«የቱ ጋ ደረስሽ?»

«ቅዳሜን አልፌያለሁ። መኪናው ሲሄድ "አላለቀሰም" ብያለሁ።»

አሰበበት። የሱ ማሰብ ሁለት ሱሪ ያስጠብባል።

«ለምን እሱን ጻፍሽ?»

«እውነት ነዋ! ቆሜ አይቼሃለሁ፤ አላለቀስክም።»

«ስትጽፊው ያለቀስኩ ይመስላል። አጥፊው።»

«ካጠፋሁት ደግሞ ሰው አልቅሷል ነው የሚለው።»

«እሱንም አትጻፊ።»

«የቱን?»

«ይሄን። አሁን የምትጽፊውን። ጎረቤት፣ በቃ፤ እስክሪብቶውን አስቀምጪው።»